ማስቶዶን ላይ የት ልግባ? ትልቅ ሰርቨር፣ ትንሽ ሰርቨር ወይስ የራስ

ትዊተር ላይ በአማርኛ ጽፎ ቦታ ያልጠበበው ሰው የለም። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ዛሬ ኤክስ የሚባለው መድረክ አንድን የላቲን ፊደል አንድ ብሎ ይቆጥራል። የእኛን «ሀ» ግን ሁለት ብሎ ነው የሚቆጥራት። ስለዚህ 280 የተባለው ቦታ ለአማርኛ 140 ነው። እንደ ትዊተር አጫጭር ጽሑፍ የሚለጠፍበት ማስቶዶን የሚባል መድረክ ላይ ግን «ሀ» አንድ ናት። ቦታውም የሰርቨሩ (አካውንቱ የሚቀመጥበት ማሽን) ባለቤት ካልቀየረው 500 ነው። አንድ ሐሳብ ከነማብራሪያው ይገባል።

እኔን የወሰደኝ ይሄ ነው። ኖቬምበር 2022 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ኤለን መስክ ትዊተርን ከገዛ ገና ሳምንታት ነበሩ፤ ብዙ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ ነበር። ማስቶዶንን ከፈትኩ። ስምና ፓስወርድ ይጠይቀኛል ስል «መጀመሪያ ሰርቨር ይምረጡ» የሚል መጣ። ከሥሩ ረጅም ዝርዝር። ሃያ ደቂቃ ያህል ወደ ላይ ወደ ታች ስል ቆየሁና ስሙ ደስ ያለኝን አንዱን ነካሁ። ያ ምርጫ የስምንት ወር ጽሑፌን አሳጣኝ።

ታሪኩን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ምን እየመረጣችሁ እንደሆነ እንነጋገር።

ሰርቨሩ ምኑን ይወስናል?

ኢሜይል ያለው ሰው ነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። ጂሜይል ያለው ያሁ ላለው ይጽፋል፤ መልሱም ይመጣለታል። ማስቶዶንም እንደዚያ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤትና የራሱ ደንብ አለው። እርስ በርስ የሚነጋገሩት አክቲቪቲፐብ በሚባል ስምምነት ነው። ደብልዩ ሦስት ሲ የሚባለው የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት በጃንዋሪ 2018 አጽድቆታል። ማስቶዶንን ራሱን ኦይገን ሮችኮ የሚባል የፕሮግራም ባለሙያ ጀርመን ውስጥ ሆኖ በ2016 ነው የጀመረው። ለፎቶ የሆነው ፒክስልፌድ፣ ለቪዲዮ የሆነው ፒርቲዩብም ይህንኑ ስምምነት ይጠቀማሉ። ሁሉም አንድ ላይ ፌዲቨርስ ይባላሉ።

ስለዚህ የትም ብትገቡ የትም ካለ ሰው ጋር መነጋገር ትችላላችሁ። በአብዛኛው። ሰርቨሩ የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ ስማችሁን ይወስናል። የሰርቨሩ አድራሻ የስማችሁ ግማሽ ነው፤ እንደ ኢሜይል ከመጨረሻው ላይ ይንጠለጠላል። (መለያ ስሙ በላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚሆነው። ከላይ የሚታየውን ስም ግን በፊደላችን መጻፍ ይቻላል።) ሌላው፣ የጻፋችሁት ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ማሽን ላይ ነው። ማን እንደሚባረር፣ የትኛው ሰርቨር እንደሚታገድ የሚወስነውም የዚያ ቤት አድሚን (አስተዳዳሪ) ነው።

ቆይቶ ቤት መቀየር ይቻላል። ይህ የማስቶዶን ትልቁ መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ግማሹን ብቻ ሰምቶ ይገባል። ስትለቁ ተከታዮቻችሁ ወደ አዲሱ አካውንት ይዛወራሉ። የምትከተሏቸውን፣ ያገዳችኋቸውንና ያስቀመጣችኋቸውን ዝርዝር በፋይል አውርዳችሁ አዲሱ ላይ ትጭናላችሁ። የጻፋችሁት ግን አብሮ አይሄድም። አሮጌው ቤት ይቀራል። አንዴ ከተዛወራችሁ በኋላም እንደገና ለመዛወር 30 ቀን መጠበቅ አለባችሁ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዝውውሩ የሚሠራው አሮጌው ሰርቨር በሕይወት ካለ ነው። ተከታዮቻችሁን «ወደዚያ ሂዱ» ብሎ የሚያሳውቀው እሱ ነው። ከሞተ የሚናገርላችሁ የለም።

የእኔ ሰርቨር የሞተው አንድ ማለዳ ነው። ማታ አንድ የጀመርኩትን ተከታታይ ጽሑፍ ሳልጨርስ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍት ነጭ ገጽ። በማግስቱም ነጭ ገጽ። በሦስተኛው ቀን ከሌላ ሰርቨር ያለ አንድ የማላውቀው ሰው «ባለቤቱ ደክሞት ዘግቶታል መሰለኝ» ብሎ ጻፈ። ልጁን አልወቅሰውም። ብቻውን ነበር፤ ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ ማታ ማታ ከሥራ መልስ የሰው ጠብ ሲዳኝ ያመሽ ነበር። እኔ ግን ይህንን አስቀድሜ ማየት እችል ነበር። «ስለ ሰርቨሩ» የሚለው ገጽ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው። የገንዘብ ምንጭ የሚል ነገር አልነበረም። እኔ ያየሁት የገጹን ቀለም ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰርቨር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ነገ ቢታመም ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ትልቁ ቤት፦ ማስቶዶን ዶት ሶሻል

ማስቶዶንን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ የተመዘገበ አካውንት አለው። ዛሬ አፑን አውርዳችሁ ብትመዘገቡ መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁም እሱን ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። በድርጅት የተያዘ ስለሆነ አንድ ሰው ስለደከመው አይዘጋም። ፍለጋው ብዙ ነገር ያገኛል። ሃሽታግ ስትከፍቱ ሞልቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ማስቶዶን ላይ አንድ ሰርቨር የሚያሳያችሁ ራሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው። እዚያ ቤት ያለ ሰው የሚከተለው ሰው የጻፈው ይደርሳል፤ ማንም የማይከተለው ሰው የጻፈው አይደርስም። ብዙ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ያውቃል። በአማርኛ የሚጽፉትን ለማግኘት ይህ በጣም ይረዳል፤ ቁጥራችን ትንሽ ነውና ተበታትነን ነው ያለነው።

ጉዳቱም አለ። ትልቅ ስለሆነ አጭበርባሪ ይበዛበታል። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ትናንሽ ሰርቨሮች ከእሱ የሚመጣውን ይገድባሉ። ደንቡ ላይ አስተያየት ቢኖራችሁ ከሚሊዮኑ አንዱ ናችሁ።

ገና ልትሞክሩት ከሆነ እዚያ ግቡ። «ያልተማከለ መረብ ላይ ትልቁን መምረጥ ነውር ነው» የሚሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። አትስሟቸው። ሰርቨር ሲመርጡ ሰልችቷቸው የቀሩ ብዙ ጓደኞች አሉኝ፤ ትልቁ ቤት ገብተው ቢሆን ዛሬ አብረን ነበርን።

መካከለኛው ቤት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው ይሄን ነው።

ከጥቂት ሺህ እስከ ጥቂት አሥር ሺህ ሰው ያለባቸው፣ አንድ ፍላጎት ወይም አንድ አካባቢ የሚያገናኛቸው ሰርቨሮች ናቸው። ፎስቶዶን ክፍት ሶፍትዌር (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ለሚወዱ ነው። ኢንፎሴክ ዶት ኤክስቼንጅ የሳይበር ደኅንነት ሰዎች መንደር ነው። ሃኪደርም የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ቤት ነው። ለከተማ፣ ለአገር፣ ለሥዕል፣ ለሳይንስ የተከፈቱም አሉ። ብዙዎቹ ሲያስገቧችሁ «ለምን መጣችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ፤ ሰው አንብቦ ያስገባችኋል። ይህ የሚያሰለች ቢመስልም በር ላይ ሰው መኖሩን ያሳያል።

የሃኪደርምን ታሪክ ብነግራችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ክሪስ ኖቫ የምትባል መሐንዲስ ከቤቷ ምድር ቤት፣ ከራሷ ማሽኖች ላይ ነበር የጀመረችው። በ2022 መጨረሻ የትዊተር ሰው ሲጎርፍ ማሽኖቹ አልቻሉም። ቡድኑ ተረባርቦ ጀርመን ወደሚገኘው ሄትስነር የሚባል ኩባንያ አዛወረው። በኦገስት 2023 ክሪስ ኖቫ ተራራ ስትወጣ በደረሰባት አደጋ ሞተች። ሰርቨሩ ግን አልሞተም። ኒቨንሊ የሚባል ፋውንዴሽን ከጀርባው ቆሞ ነበር፤ ቁልፉን የያዙ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ተጠቃሚዎቹ ሐዘናቸውን የተካፈሉት እዚያው ሃኪደርም ላይ ነው።

የእኔ ሰርቨር እና ሃኪደርም፣ በሩቅ ለሚያያቸው ተመሳሳይ ነበሩ። ልዩነቱ የሚታየው «ስለ ሰርቨሩ» የሚለው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ያንን ገጽ ክፈቱ። ለመክፈት አካውንት አያስፈልግም። ደንቡን አንብቡ። ያገዷቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ከነምክንያቱ ካለ እሱንም እዩት፤ ስለ አድሚኑ ጠባይ ከደንቡ ይልቅ እሱ ይናገራል። ምንም የማያግድ ሰርቨር ነፃነት የሚሰጥ ይመስላል። ነገር ግን ሌሎች እሱን ያግዱታል፤ እናንተም አብራችሁ ትታገዳላችሁ። በ2019 በጥላቻ ጽሑፍ የሚታወቀው ጋብ የሚባል መድረክ የማስቶዶንን ኮድ ይዞ ፌዲቨርስ ሲገባ ብዙ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ በራቸውን ዘጉበት።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም እዩ። ጥሩ ሰርቨሮች የወር ወጪና ገቢያቸውን በይፋ ይለጥፋሉ። ሌላው ጥሩ ምልክት የማስቶዶን ድርጅት ያወጣው ቃል ኪዳን ነው። ጆይን ማስቶዶን የሚባለው ይፋዊ ገጽ ላይ የሚዘረዘሩ ሰርቨሮች ለዚህ ቃል ገብተዋል። በየቀኑ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይይዛሉ። ከባለቤቱ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው በአደጋ ጊዜ መግባት ይችላል። ሊዘጉ ከሆነ ቢያንስ 3 ወር አስቀድመው ይናገራሉ። ዘረኝነትንና ጥላቻን ይከላከላሉ። የእኔ ሰርቨር እዚያ ዝርዝር ላይ አልነበረም፤ ከሌላ ቦታ ነው ያገኘሁት።

ሦስት ወር ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስቶዶን ዶት ሎል ላይ ታይቷል። ባለቤቱ የሰዎች ጠብና ስድብ አንገሽግሾት በፌብሩዋሪ 2023 እንደሚዘጋ ተናገረ፤ የዘጋው ግን በሜይ ነው። ሰው ተረጋግቶ ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። ትልቅ ስምም ዋስትና አይሆንም። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ የራሱን ሰርቨር ከፍቶ በዲሴምበር 2024 ዘግቶታል። እሱም ግን ቀኑን አስቀድሞ ተናግሮ ነው።

የአድራሻው ጭራም ነገር አለው። ኩዊር ዶት ኤኤፍ የሚባል ሰርቨር ነበር። ጭራው የአፍጋኒስታን ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የታሊባን መንግሥት አድራሻውን አገደው፤ ሰርቨሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሩ ጠፋ። በአድራሻው ጭራ ላይ የማን አገር እንዳለ እዩ።

አማርኛ የሚያነብ ሰው አለ ወይ?

ለእኛ ይህ ጥያቄ ከቴክኒኩ ሁሉ ይቀድማል። ጥላቻ በአማርኛ ሲጻፍ ሪፖርት ታደርጋላችሁ። ሪፖርቱ አንድ ሞደሬተር (ደንብ አስከባሪ) ጋ ይደርሳል። እሱ አማርኛ ካላነበበ ምን ያያል? በማሽን ትርጉም ያየው ይሆናል፤ የእኛን ሽሙጥና ቅኔያዊ ስድብ ማሽን አይዘውም። በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ በሚገኝ ፍርድ ቤት የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ የቀረበው ክስ መነሻው ይኸው ነው። ከሳሾቹ በኢትዮጵያ ጦርነት ጊዜ ፌስቡክ ላይ የተሰራጨ የጥላቻ ጽሑፍ ሰው አስገድሏል፣ ኩባንያውም በቋንቋዎቻችን በቂ ተቆጣጣሪ አላሰማራም ብለዋል።

ማስቶዶን ላይ ይህ ችግር በራሱ አይጠፋም። ግን የሚፈታበት መንገድ አለ። መካከለኛ ሰርቨር ላይ አድሚኑን በስሙ ታገኙታላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ «ይህ ቃል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳህ» ብዬ ለአድሚን ጻፍኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰ፤ አካውንቱም ተወገደ። ከመመዝገባችሁ በፊት ለአድሚኑ መልእክት ላኩ። «በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ ሪፖርት ቢመጣ ማን ያነበዋል?» በሉ። መልሱን ብቻ ሳይሆን መልስ መኖሩንም ታያላችሁ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ስትጽፉ የፖስቱን ቋንቋ «አማርኛ» ብላችሁ ምረጡ። አንባቢዎች በቋንቋ ያጣራሉ። እንግሊዝኛ ተብሎ የወጣ አማርኛ ከአማርኛ ፈላጊው ዓይን ይሰወራል።

ብሉስካይስ?

ባጭሩ ልለፈው። ብሉስካይ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። የሚሠራው በሌላ ስምምነት፣ ኤቲ ፕሮቶኮል በሚባለው ነው። ከማስቶዶን የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ቤት ስትቀይሩ የጻፋችሁት አብሯችሁ ይሄዳል። የራሳችሁን ዶሜይን (የድር አድራሻ) እንደ ስም መጠቀምም ትችላላችሁ። የግል ማስቀመጫ ሰርቨሩ ትንሽ ማሽን ላይ ይሠራል። ቦታው 300 ፊደል ነው። ግን አብዛኛው ሰው አሁንም ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድራቸው ማሽኖች ላይ ነው፤ የመለያዎቹ ዋና መዝገብም አንድ ቦታ ነው የሚያዘው። ጽሑፌ አይጥፋብኝ የሚለው ስጋት ከሁሉ የሚበልጥባችሁ ከሆነ እሱን ተመልከቱ። ደንቡን ራሳችን እናውጣ የምትሉ ከሆነ ማስቶዶን ይሻላል።

የራስ ሰርቨር፦ ያየሁትን ልንገራችሁ

ያ ሰርቨር ከሞተብኝ በኋላ እልህ ያዘኝ። ሁለተኛ የሰው ቤት አልገባም አልኩ። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበትን ሊኑክስ እችላለሁ፤ ምን ያቅተኛል?

የመጀመሪያው ጣጣ ክፍያ ነው። አውሮፓ ያለ ትንሽ የኪራይ ማሽን በወር ከ5 እስከ 10 ዶላር አካባቢ ነው፤ ዶሜይን ደግሞ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ግን የለኝም። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ በካርዷ ከፈለችልኝ፤ እኛ በበርበሬና በሽሮ እንመልስላታለን። ግን አስቡት፤ ካርዷ ጊዜው ቢያልፍ ወይም ብትረሳ ሰርቨሬ ይዘጋል። ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚለው ጥያቄ እዚህም አለ። ዶሜይን ሳይታደስ ካለፈ ደግሞ ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ ስማችሁን ይዞ ይቀመጣል። ማስቶዶን አንዴ ከተተከለ በኋላ ዶሜይኑን መቀየር አይቻልም፤ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ተከላው ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ማስቶዶን አንድ ፕሮግራም አይደለም። ሩቢ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ዋናው አለ፤ መረጃው የሚቀመጥበት ፖስትግሬስ ዳታቤዝ አለ፤ ሬዲስ አለ፤ ሥራ የሚያከፋፍለው ሳይድኪክ አለ። ለዚህ ሁሉ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ግድ ነው፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። ኢሜይል መላክም አለበት። ማሽን የሚያከራዩ ብዙ ኩባንያዎች አይፈለጌ መልእክት ለመከላከል የኢሜይሉን በር ዘግተው ነው የሚሰጧችሁ። ስለዚህ ኢሜይል የሚልክ ሌላ አገልግሎት ማያያዝ ያስፈልጋል።

ሁሉም ሠራ። የመጀመሪያውን ፖስት ጻፍኩ። ከዚያ ጸጥታ። ሃሽታግ ስከፍት ባዶ። ሰው ፖስት ሥር 40 መልስ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ጋ የሚታየው 3 ነው። ከላይ ያልኩት ነው፤ ሰርቨሬ የሚያውቀው እኔ የምከተላቸውን ብቻ ነው። ብዙ ሰው መከተል ጀመርኩ፤ እየሞላ መጣ።

ዲስኩም ሞላ። ማስቶዶን የምትከተሏቸው ሰዎች የለጠፉትን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ቅጂ ወደ እናንተ ማሽን ያመጣል። እኔ ያለኝ 40 ጊጋባይት ነበር። አንድ እሑድ እናቴ ቤት ቡና እየጠጣን ስልኬ ላይ አፑ እንቢ አለ። ላፕቶፔን ከፍቼ ገባሁ። የዲስኩ ቁጥር 100 ከመቶ ይላል። ዳታቤዙ የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ ቆሟል። ሦስተኛው ቡና ሲወርድ እኔ ፋይል እያጠፋሁ ነበር። መፍትሔው አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ቱትሲቲኤል የሚባለው መሣሪያ ከሌላ ሰርቨር የመጣ፣ ከ7 ቀን በላይ የቆየ ቅጂን ያጠፋል። በየሌሊቱ ራሱ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ያድርጉ የሚል ሰው ቢኖር ያ እሑድ ይተርፈኝ ነበር። እኔ ይኸው እላችኋለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

ባክአፕ ሲባል ብዙ ሰው ዳታቤዙን ብቻ ይይዛል። በቂ አይደለም። ምስጢራዊ ቁልፎቹ ያሉበት ትንሽ የቅንብር ፋይል አለ። እሱ ከጠፋ ዳታቤዙ ቢተርፍም ሰርቨሩን እንደነበረው ማንሳት አትችሉም። የእናንተን ፎቶዎችም ጨምሩ። ሦስቱንም ከማሽኑ ውጪ፣ ሌላ ኩባንያ ጋ አስቀምጡ።

ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ ማስቶዶን ራሱ ይበዛባችኋል። ጎቱሶሻል የሚባል አለ። አንድ ፋይል ነው፤ ዳታቤዙም አንድ ፋይል መሆን ይችላል፤ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ አይጠይቅም። የራሱ መጻፊያ ገጽ የለውም፤ እንደ ተስኪ ባለ የስልክ አፕ ነው የምትጽፉበት። ከማስቶዶን ተጠቃሚዎች ጋር እኩል ትነጋገራላችሁ። ዛሬ ብቻዬን ብጀምር እሱን ነው የምተክለው።

ቤት ውስጥ፣ አዲስ አበባ፣ በራሳችን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ? ያጓጓል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢሄድ ሌሎቹ ሰርቨሮች ደጋግመው ይሞክራሉ፤ የተላከላችሁ ወዲያው አይጠፋም። ግን በሞባይል ዳታ ከውጭ የሚደረስበት የራሳችሁ አድራሻ አይኖራችሁም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ውጭ ያለው ወገንም አብሮ ያጣዋል። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2023 ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘግተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጠቅላላ መስመሩ ሲዘጋ ውጭ ያለ ሰርቨር ለእኛ አይከፈትም፤ ግን ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉት መጻፋቸውን ይቀጥላሉ፤ መስመሩ ሲመለስ የጻፉትን እናነባለን። ቤት ውስጥ ቢሆን እነሱም ዝም ይላሉ። ውጭ አስቀምጡት።

የሚተዳደርላችሁ ሰርቨር

በመሐል ያለው መንገድ ይሄ ነው፤ እኔም በመጨረሻ ያረፍኩበት። ዶሜይኑ የእናንተ ነው፤ ደንቡ የእናንተ ነው፤ ማሽኑን፣ ባክአፑንና ማደሱን ግን ክፍያ የምትከፍሉት ድርጅት ይሠራዋል። ማስቶ ዶት ሆስት በዚህ ሥራ የቆየ ነው። ከራስ ተከላ ወጪው ትንሽ ከፍ ይላል፤ የምትተኙት እንቅልፍ ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዶሜይኑን ከአስተናጋጁ (ማሽኑን ከሚያስተዳድርላችሁ ድርጅት) አትግዙ። ለየብቻ ይሁኑ። ያኔ አስተናጋጁ ቢያስከፋችሁ ዳታቤዙን ተቀብላችሁ ስማችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት «ስለቅ ሙሉ ባክአፑን ትሰጡኛላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ይህ ለቡድን ነው የሚሆነው። እኛ አሥራ አራት ነን፤ መጻሕፍት የሚያነቡ፣ የሚተረጉሙ ጓደኞች። ስንጀምር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን ደንብ ጻፍን። ከመካከላችን የእድር ጸሐፊ የሆነች አለች፤ «እንደ እድራችን እናድርገው» አለች። ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ መረጥን። ሪፖርት የሚያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም አማርኛና ትግርኛ ያነባሉ፤ አንደኛው ኦሮምኛም። ጠብ ቢነሳ ከሁለቱ አንዱ የነገሩ አካል ከሆነ ሌላው ብቻ ይፈርዳል። እድር ይህንን ከጥንት ያውቀዋል፤ እኛ የጨመርንበት የለም።

የግል ነገር ያለው ሰው

ይህንን ሳልናገር ባልፍ ያሳዝነኛል። ማስቶዶን ላይ የግል መልእክት የሚባለው የተመሰጠረ አይደለም። አድሚኑ ዳታቤዙን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። በሜይ 2023 ኤፍቢአይ አሜሪካ ውስጥ የአንድ አድሚን ቤት በሌላ ጉዳይ ሲፈትሽ ኮሌክቲቫ የሚባል የማስቶዶን ሰርቨርን ያልተመሰጠረ የዳታቤዝ ቅጂ አብሮ ወስዷል። የተጠቃሚዎቹ ኢሜይልና መልእክት እዚያ ውስጥ ነበር። ምስጢር ካላችሁ መልእክትን በሚመሰጥረው ሲግናል በሚባል አፕ ላይ አውሩ።

ማንነቱን መሰወር የሚፈልግ ሰው ደግሞ የራሱን ሰርቨር እንዳይተክል እለምናለሁ። አንድ ሰው ብቻ ያለበት ሰርቨር ስም አውጥቶ እንደመቆም ነው። ዶሜይኑን የገዛው ካርድ፣ የማሽኑ አድራሻ፣ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ይመራል። ለዚያ ሰው ብዙ ሕዝብ ያለበት ቤት ይሻለዋል፤ ጥሩ አድሚን ያለው፣ ከአገር ውጭ የተቀመጠ። ለምዝገባም ለሌላ ነገር የማይጠቀምበት ኢሜይል ይክፈት።

የት ብገባ ይሻለኛል?

ለመሞከር ብቻ ከሆነ ማስቶዶን ዶት ሶሻል፣ ዛሬውኑ። የምትወዱት ሙያ ወይም ፍላጎት ካላችሁና ልትቆዩ ካሰባችሁ፣ ከአንድ ሰው በላይ የሚያስተዳድረው መካከለኛ ሰርቨር ፈልጉ፤ ለአድሚኑ ጻፉለት። ማኅበር፣ የአንባቢዎች ቡድን፣ የሰፈር ልጆች ከሆናችሁ፣ የሚተዳደርላችሁን ተከራዩ። ሊኑክስ የሚያስደስታችሁና ብቻችሁን የሆናችሁ ጎቱሶሻል ትከሉ። ሙሉ ማስቶዶንን በራሴ እተክላለሁ የሚል ሰው ቢያንስ አንድ ሌላ ማሽኑን የሚችል ጓደኛ ይያዝ፤ ካላገኘ ይቆየው።

የትም ብትገቡ ግን በወር አንዴ ሁለት ነገር አድርጉ። የምትከተሏቸውን ዝርዝር አውርዱ። የጻፋችሁትን ሙሉ ቅጂ ደግሞ ከቅንብሩ ውስጥ ጠይቁ፤ በ7 ቀን አንዴ ይሰጣችኋል። እኔ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው የማደርገው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የእኛን ሰርቨር ቁልፎች ደግሞ በወረቀት ጻፍናቸው። የዶሜይኑ ፓስወርድ፣ የአስተናጋጁ ፓስወርድ፣ የባክአፑ ቦታ፣ የእህቴ ስልክ ቁጥር። ሁለት ፖስታ ውስጥ አሸግናቸው። አንዱ እኔ ጋ ነው። ሌላው ሐዋሳ ነው፣ የገንዘብ ያዣችን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልጆቿ የልደት ሰርተፊኬት ጋር።